የፎጣው ሌላኛው ጫፍ

ውድ ወንድሜ ጉንጮ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ባለቤትህም ልጆቹም ደህና ናቸው ብዬ አምናለሁ። እኛም ደህና ነን ልልህ ብዕሬን አነሳሁና ተውኩት፤ እማ ደህና ናት፣ እኔ ግን ደክሞኛል። ይህን በስልክ ልነግርህ እችል ነበር። ስልክ ላይ ግን እኔ አንዱን ሳልጨርስ አንተ ሦስቱን ትመልስልኛለህ፣ ከዚያ እኔ እናደዳለሁ፣ ከዚያ “በቃ ይቅር” ተባብለን እንዘጋለን። ወረቀት አያቋርጠኝም ብዬ በምሳ ሰዓት ከመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ጀርባ ካርቶን ላይ ቁጭ ብዬ እየጻፍኩልህ ነው። ጽሑፌ ከተንጋደደ ጥፋቱ የካርቶኑ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት እማን ልትወስዳት ትመጣለህ። ተስማምተናል፣ ቃሌንም አላጠፍኩም። ሐኪሙ ወገቤን አይቶ ሰው ማንሳት እንዳቆም ነግሮኛል፤ እማ ደግሞ መርሳቱ ከጠናባት ወዲህ ከአልጋ እስከ መታጠቢያ ቤት ያለ ሰው አትሄድም። አንተ “እህቴ፣ አሁን ተራው የኔ ነው” ያልከኝ ቀን ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው፣ አፍሬም ነው። ግን እዚያው ላይ ያስከተልከው ነገር አለ። “እኔ ቤት ግን ያ ነገር አይኖርም” አልከኝ። ያ ነገር ያልከው ዚክሩን ነው፣ አላህን እየደጋገሙ ማንሳቱን። እሺ አልኩህ። እሺ ያልኩህ ስለደከመኝ ነው እንጂ ስለተስማማሁ አይደለም። እማ ያለ እሱ ገላዋን አታስነካም፣ ምግብም አትቀምስም። ይህን ሳታውቅ ከወሰድካት በእጅህ ትጠፋብሃለች፤ ደብዳቤው የሚጻፈው ለዚህ ነው።

አሁን ፊትህ ሲኮሳተር ይታየኛል። ቆይ፣ ልከራከርህ አይደለም። ክርክሩን ጉልበት ላለው ትቼዋለሁ። የላክህልኝን ትምህርቶች ሁሉ ከፍቻለሁ፤ ግማሹን አዳምጫለሁ፣ ግማሹን እያዳመጥኩ እንቅልፍ ወስዶኛል። ሙታንን መለመን፣ በሸህ ስም መማል፣ እየተወዛወዙ መጮህ፣ ይህን ሁሉ ለምን እንደምትጠላ ገብቶኛል። የምትጠላውም ለአላህ ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ። ሰላትህን በወቅቱ የምትሰግድ፣ የጎረቤት መብራት ሲጠፋ ሳትጠራ መሰላል ይዘህ የምትሄድ ሰው ነህ። ባለፈው ስትመጣ መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የገጠምክላት የብረት መያዣ እስከዛሬ ንቅንቅ አላለም። እማ ይዛው ትቆማለች፣ እኔም ወገቤ ሲይዘኝ ይዤው እነሳለሁ፣ በተነሳሁ ቁጥር ዱዓ አደርግልሃለሁ።

ያኔ ስትመጣ የሆነውን ግን ላስታውስህ። እማ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነበር። የፎጣ ጫፍ በሁለት እጇ ይዛ ታጠማዝዛለች፤ ትከሻዋ ወደ ቀኝ ወደ ግራ ይላል፤ ከንፈሯ “ላ ኢላሃ” ይልና “ኢለላህ” ሳይል ዝም ብሎ ይጠብቃል። አንተ ገባህ። አልቆጣሃትም፣ እውነቱን ለመናገር በጣም በአደብ ነው ያደረግከው። አጠገቧ ተቀመጥክ፣ ፎጣውን ከእጇ ቀስ አድርገህ ወሰድክ፣ “እማዬ፣ ዚክር እንዲህ አይደለም። አትወዛወዢ፣ ረጋ ብለሽ ጨርሰሽ በይው” አልካት። ግንባሯን ስመህ ፎጣውን አጥፈህ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥክ። እማ አየችህ፣ መደርደሪያውን አየችው። በማግስቱ አውቶቡስህን ይዘህ ሄድክ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማ ዘጋችኝ። ልጠብሽ ስላት በክርኗ ትመታኛለች። ማንኪያ ሳቀርብላት ጥርሷን ትነክሳለች። ያቺ ለጎረቤት ሁሉ አንገቷን ደፍታ የኖረች ሴት “ማን ነሽ አንቺ? ውጪልኝ” እያለች ጮኸችብኝ። ለብዙ ቀን ገላዋን ውሃ አልነካውም፤ ቆዳዋ ተላላጠ፣ ቁስሉ ትኩሳት አመጣ፣ ክሊኒክ ገባን። እዚያ ያለው ሐኪም እማን ገልጦ ሲያያት ቀና ብሎ እኔን ያየበት ዓይን እስካሁን አልወጣልኝም። አንተ ስትደውል “ትንሽ ጉንፋን ነው” ያልኩህ ያኔ ነው። ደረጃውን በወንበር ተሸክሞ ያወረዳት፣ ታውቃለህ፣ እንደ እናንተው ዚክሩን ከማይወደው መስጊድ ነው፤ ያ ከታች ፎቅ ያለው ጺማሙ። አላህ ይስጠው።

እኔ ሐሙስ ሐሙስ ከአስር ሰላት በኋላ ወደ ዚክር እንደምሄድ ታውቃለህ። ወልይ፣ የአላህ ቅርብ ሰው ልሆን እንዳይመስልህ። የምሄደው እዚያ ካልተቀመጥኩ በሳምንቱ መጨረሻ ድስቱን ከነክዳኑ ግድግዳው ላይ ስለምወረውረው ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሜ “ይሄ መድኃኒት አለ ወይ፣ ይሄ የለም ወይ” የሚል ሰው ሳስተናግድ እውላለሁ፤ ቤት ስገባ ደግሞ ማን ነሽ ትለኛለች። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ማንም ምንም አይጠይቀኝም። ሴቶቹ ጠበብ ብለው ቦታ ይሰጡኛል፣ አላህን እናነሳለን፣ ስወጣ ትንፋሼ ወርዶ ይወጣል። ያው ነው። ከዚህ የተለየ ምሥጢር ቢኖረው ኖሮ እስካሁን እነግርህ ነበር፤ አፌ እንደሆነ ታውቀዋለህ።

ሸሁም አንተ እንደምታስባቸው አይደሉም። ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጉልበታቸው ሲደክም ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ አሁንም ሰው ሲያስቸኩላቸው “ወደ ኋላ ጠጋ ጠጋ በሉ” ይላሉ። አንዱ ሰውዬ መጥቶ ብርሃን እንዲታየኝ ምን ዓይነት ዚክር ልበል ቢላቸው፣ መጀመሪያ ሚስትህን ባስቀየምክበት ነገር አፉ በይኝ በላት፣ እሱ ካልሠራ ተመልሰህ ና ብለው ሰደዱት። ሰውዬው አልተመለሰም። ሠርቶለት ይሁን ተቀይሞ አናውቅም።

እማ ከክሊኒክ እንደወጣች ሄጄ እሳቸው ፊት ተዘረገፍኩ። ደክሞኛል አልኩ፣ ከናቴ ጋር ጠላት ሆነናል አልኩ፣ የሆነ የሚያጠነክረኝ ዊርድ ይስጡኝ፣ ልቤን የሚያለሰልስ ነገር ይስጡኝ ብዬ ለመንኳቸው። ዊርድ ስልህ ሸህ ለተማሪው በየቀኑ እንዲለው የሚሰጠው ዚክር ነው፣ መቼም አንተ ታውቀዋለህ። ረጅም ነገር ጠብቄ ነበር፣ እንባ የሚያስፈስስ። እሳቸው ግን “የአንቺ ዊርድ እናትሽን ማጠብ ነው። ውሃውን ስታነሺ ላ ኢላሃ ኢለላህ በይ፣ ስታስቀምጪ ላ ኢላሃ ኢለላህ በይ። በቃ” አሉኝ። ወላሂ ተናደድኩ። ማጠቡን ያለ ሸህም እየሠራሁት ነው፤ እሷ አልታጠብም አለች እንጂ። መንገዱን ሙሉ እያጉረመረምኩ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ከሥራ በፊት ሞከርኩ። ባልዲውን ሞላሁ፣ እማን የገጠምክላትን መያዣ አስያዝኳት፣ ሸሚዟን ልፈታ ስል እጄን ገፋችው። ፎጣው ባልዲው ውስጥ ወደቀ። አነሳሁት፤ ከብዷል፣ ውሃ ያንጠባጥባል፣ ወገቤ ቀጥ አለብኝ፣ ለሥራ ረፍዶብኛል። ሰው ሲመርረው እንደሚለው “ላ ኢላሃ…” አልኩ፣ በንዴት ነው ያልኩት፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። ቃሉን ሳልጨርስ እማ መያዣውን ለቀቀች። እጇን ዘርግታ የፎጣውን ሌላኛውን ጫፍ ያዘች። “ኢለላህ” አለች፣ ወደ ራሷም አጠማዘዘችው። ጉንጮ፣ ያ ጉልበት ከየት እንደመጣ አላውቅም። እኔን ጭምር ጎትታኝ ነበር። ውሃው እግራችን ላይ ወረደ።

ያኔ ነው ያስታወስኩት። አንተ ጀርባዋ ላይ ስለነበርክ ልታስታውስ አትችልም። እማ ትሠራበት የነበረው የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ምድር ቤት ነበር፤ መጭመቂያ ማሽኑ ሲሻው ይሠራል፣ ሲሻው ደግሞ ይኮርፋል። ማሽኑ ሲበላሽ አንሶላውን ሴቶቹ ናቸው በእጃቸው የሚጨምቁት። ለሁለት ነው የሚጨመቀው፤ አንዷ ይህንን ጫፍ፣ ሌላዋ ያንን ጫፍ ይዘው በተቃራኒ ያጠማዝዙታል። እኩል ካላጠማዘዙ አንሶላው ከአንዷ እጅ ያመልጥና መሬት ይወድቃል፣ እንደገና ይታጠባል፣ አለቃቸው ይጮህባቸዋል። ስለዚህ ሁሉም ጥንድ የሚግባቡበት ነገር ነበረው። የሚዘፍኑ ነበሩ፣ “ሆ፣ ሆ” የሚሉ ነበሩ። እማና ጓደኛዋ ቀጮ ዚክር ነበር የሚሉት። እማ “ላ ኢላሃ” ትልና ታጠማዝዛለች፣ ቀጮ “ኢለላህ” ትልና ታጠማዝዛለች። አንዳንዴም ይቀያየራሉ። የእነሱን አንሶላ ያህል የሚደርቅ አልነበረም፤ አለቃቸውም እምነቱ ሌላ ቢሆንም “እናንተ በርቱልኝ” ይላቸው ነበር።

እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚያ ሄጄ የሳሙና ከረጢት ላይ ቁጭ ብዬ ነበር የማጠናው። አንተ እማ ጀርባ ላይ ታዝለሃል። እሷ ባጠማዘዘች ቁጥር አብረህ ወዲያ ወዲህ ትላለህ። እማ ጀርባዋን ማየት ስለማትችል አንድ አንሶላ ጨርሰው ሌላ ከማንሳታቸው በፊት “ልጁ ተኛ?” ብላ ቀጮን ትጠይቃታለች። ቀጮ አንገቷን ሰገግ አድርጋ ታይህና “ተኝቷል” ትላታለች። ከዚያ ቀጣዩን ያነሳሉ። አፍህን የፈታኸውም እዚያ ነው። “እማ” ወይም “ውሃ” ከማለትህ በፊት “ላህ!” ነበር የምትለው፣ አንሶላው በተጠማዘዘ ቁጥር፤ ሴቶቹ እየሳቁ ሥራ ይፈቱ ነበር።

እና ያን ቀን ከእጇ የወሰድከው ፎጣ ዚክር ነበር፣ ሥራም ነበር። ተወዛወዘች ያልካት አንሶላ እየጨመቀች ነው። “ላ ኢላሃ” ብላ ዝም ያለችውም አቋርጣው አይደለም፤ ከወዲያ ጫፍ ያለው ሰው እስኪመልስላት እየጠበቀች ነበር። አንተም አላወቅክም፣ እኔም አላወቅኩም ነበር። አልወቅስህም። እኔ ስንት ዘመን አብሬያት ኖሬ ያስተዋልኩት በንዴት ነው።

አሁን እንዴት እንደምንሠራ ልንገርህ። መጀመሪያ ፎጣው እርጥብ መሆን አለበት። በደረቅ ፎጣ አትታለልም፤ ውሃው ሲንጠባጠብ ማየት አለባት። አንተ “ላ ኢላሃ” በልና አጠማዝዝ፣ እሷ ትመልስልሃለች። ከዚያ ፎጣው ይጨመቃል፣ እማም ክንዷን ራሷ ትሰጥሃለች፣ እንደ ሕፃን አትቀማትም። ትከሻዋን ካጠብክ በኋላ ፎጣውን ነክረህ እንደገና ትጨምቃላችሁ። እንዲህ እያላችሁ እስከ እግሯ ትወርዳላችሁ። ምግብም ያው ነው፤ “ኢለላህ” ስትል አፏ ይከፈታል፣ ማንኪያው ያኔ ይገባል። አትቸኩል እንጂ ትጨርሰዋለች። እኔን ቀጮ እያለች ነው የምትጠራኝ፤ በዚህ ውፍረቴ ቀጮ መባል ብርቅ ስለሆነብኝ አላርማትም።

ባለፈው ወር ወገቤ ማዕድ ቤት ውስጥ ይዞኝ ወለሉ ላይ ቀረሁ። ለሸሁ ባለቤት ደወልኩ። የሐሙስ ሴቶች ተራ ገብተው መጡ፤ አንዷ ከእማ ጋር ፎጣ ያዘች፣ አንዷ ምድጃ ላይ ቆመች፣ አንዷ እኔ አጠገብ ተቀምጣ እግሬን አሸችኝ። ከመካከላቸው አንዷ የባንክ ሠራተኛ ናት፣ በዚያ በተተኮሰ ልብሷ ተንበርክካ መታጠቢያ ቤታችንን ስትፈገፍግ አፈርኩባት። ተይው ብላት “ኺድማዬን አትቀሚኝ” አለችኝ፣ አገልግሎቴን ማለቷ ነው። ሱፍይነት ምንድን ነው እያልክ ስትሞግተኝ መልስ ያጣሁልህ፣ እኔ ከዚህ ሌላ የማውቀው ስለሌለኝ ነው።

“እኔ ቤት ያ ነገር አይኖርም” ያልከኝን ለሸሁ ነገርኳቸው። አልዋሽህም፣ እኔን ደግፈው አንተን እንዲቆጡልኝ ነበር የፈለግኩት። አላደረጉትም።

“ወንድምሽ ላ ኢላሃ ኢለላህ ይላል?” አሉኝ።

“እንዴታ፣ ከኔም በላይ” አልኳቸው።

“ታዲያ ምን ጎደለው? ያችኑ ይበላት። የማያምንበትን ነገር አንድ ፊደል አትጨምሪበት። የኔን ስም ደግሞ እዚያ ቤት አታንሱ፣ እኔ ተሳፋሪ ነኝ።”

ስለዚህ የምለምንህ ይህችን ብቻ ነው። ሸህ አልጨምርብህም፣ መንዙማ አልጨምርብህም፣ ሐሙስም አልልህም። አንተም የምታምንባት፣ በየሰላቱ የምትላት፣ ስትሞት በምላስህ ላይ እንድትሆን የምትመኛት ቃል ናት። በሌላው ሁሉ ብንለያይም እሷ ላይ አንጣላም። መወዛወዝ ካልወደድክ አትወዛወዝ። ፎጣ ሲጨመቅ ግን ትከሻ መንቀሳቀሱ አይቀርም፣ እሱን የእጅ ባለሙያ ስለሆንክ ለራስህ አስረዳው።

ካልቻልክ ደግሞ ሳትመጣ ንገረኝ። አልቀየምህም። የሐሙስ ሴቶች አሉ፣ የታችኛው ፎቅ ጺማሙም አለ፤ ወገቤን አስሬ እቀጥላለሁ። ወስደሃት ግን ፎጣውን አትንፈጋት። እንደዚያ ከሆነ አትውሰዳት። ይህን የምለው እንድትወስዳት በጣም እየፈለግኩ ነው። ጧት ተነስቼ የራሴን ፊት ብቻ የምታጠብበት ቀን ናፍቆኛል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፣ ለሸሁም ቢሆን። እናቴን እወዳታለሁ፣ ደክሞኛል፣ ሁለቱም እውነት ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር አለ፣ ይህን አደራ። ፎጣውን ጨምቃችሁ ስትጨርሱ፣ እንደገና ከመንከራችሁ በፊት፣ እማ ትጠይቅሃለች። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ቀን ስላልጠበቅኩት “የቱ ልጅ?” አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። ፎጣውን ጥላ በሁለት እጇ ጀርባዋን መዳበስ ጀመረች፤ ስትደባብስ፣ ስትደባብስ፣ የሚያረጋጋት ነገር ጠፋ። ያን ቀን ሥራ አልሄድኩም። አሁን ለምጄዋለሁ፣ የቀጮን መልስ እመልስላታለሁ።

አንተንም ትጠይቅሃለች። ፊት ለፊቷ ቆመህ፣ ጺምህ ሸብቶ፣ የፎጣውን ሌላኛውን ጫፍ እንደያዝክ፣ “ልጁ ተኛ?” ትልሃለች። ልብህ ይሰበር ይሆናል፤ “እማዬ፣ እኔ ነኝ እኮ ልጅሽ” ማለት ያምርህ ይሆናል። አትበላት ጉንጮ። ፎጣውን እንዳትለቅ። አንገትህን ሰገግ አድርገህ ከጀርባዋ አየት አድርግና “ተኝቷል” በላት። ከዚያ ቀጣዩን ትጀምራለች።

ምሳ ሰዓቴ አልቋል፣ ሰው መስኮቱን እያንኳኳ ነው። መልስህን እጠብቃለሁ፤ ከመጣህም ቤት ያለውን ወፍራም ሰማያዊ ፎጣ አብሬ እሰጥሃለሁ፣ እሱ ነው የለመደችው።

እህትህ፣
በእማ አጠራር ቀጮ